ቼክ ኢንጂን በርቶ "ኦክስጅን ሴንሰር ነው" ሲባሉ፦ በምን ይመርምሩት፣ ይቀይሩት ወይስ ይተዉት፣ የቱንስ ይግዙ?

ቼክ ኢንጂን የበራበት ሰው ለሶስት ሰው ቢያማክር ሶስቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፣ "ኧረ እሱ ሴንሰር ነው ባክህ"። ሴንሰር ሲባል ደግሞ ብዙ ጊዜ ኦክስጅን ሴንሰር ማለታቸው ነው፣ ጭስ ማውጫው ላይ ተሰክቶ ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው። ሰውየው ሄዶ ይገዛል፣ ያስቀይራል፣ ኮዱ ይጠፋለታል፣ ሁለት ቀን በሰላም ይነዳል፣ በሶስተኛው ቀን ሞተር ሲያስነሳ ያቺ ብርቱካናማ መብራት ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች።

እኔም አንዱ ነኝ። ፒ0171 የሚል ኮድ ወጣብኝ፣ በአጭሩ ሞተሩ አየር በዝቶበታል ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው፣ እኔ ግን ይሄን ያነበበው ኦክስጅን ሴንሰሩ አይደል እንግዲህ እሱ ነው የተበላሸው ብዬ አዲስ ገዝቼ ገጠምኩ። ተመልሶ በራ። በኋላ ሲገኝ ለካ ከፒሲቪ ቫልቩ (የሞተሩን የውስጥ ጭስ መልሶ ወደ ሞተሩ የሚልከው) ወደ ማኒፎልዱ ማለትም ወደ ሞተሩ አየር ማስገቢያ የምትሄድ የጣት ርዝመት እንኳን የማትሞላ የጎማ ቱቦ ናት። ከላይ ስትታይ ምንም የላትም፣ ጣቴን ከስር አስገብቼ ስነካት ግን በሙቀትና በዘይት ለስልሳ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አላት፣ በዛ ነው አየር የምትስበው። ምስኪኑ አሮጌ ሴንሰር ስራውን በትክክል እየሰራ ነበር፣ አየር በዝቷል ብሎ እውነቱን ስለተናገረ ነው ያባረርኩት።

ይሄን የምጽፈው እንደዛ አይነት ቦታ ላይ ለቆመ ሰው ነው። ለቸኮለ ሰው መልሴን ከአሁኑ ልናገር፦ ኮድ ብቻ ከሚያነብ መሳሪያ ላይቭ ዳታ ማለትም ሞተሩ እየሰራ የሴንሰሮቹን ቁጥር የሚያሳይ ይሻላል፣ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ፊውል ትሪሙን (ኮምፒውተሩ ቤንዚን ምን ያህል እየጨመረ ወይ እየቀነሰ እንደሆነ የሚናገረውን ቁጥር) እዩ፣ ሴንሰሩ መሆኑ ከተረጋገጠ ደግሞ ለመኪናው ተብሎ የተሰራ ሶኬቱ ቀጥታ የሚገጥም የታወቀ አምራች ሴንሰር ግዙ። ምክንያቱ ከታች አለ። የምናወራው ስለ ቤንዚን መኪና ነው፣ ናፍጣ ሌላ ታሪክ አለው።

መጀመሪያ መብራቱ እንዴት እንደበራ

መብራቱ ዝም ብሎ ከበራና መኪናው እንደወትሮው ከሄደ፣ የሙቀትና የዘይት መብራት ካልበራ፣ ቀስ ብላችሁ ነድታችሁ ልታስመረምሩት ትችላላችሁ። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን አትቀልዱ፣ አንዱ ሲሊንደር ሚስ እያደረገ (ሚስፋየር) ነው፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን በጭስ ማውጫው ወርዶ የጭሱን መርዝ የሚያጸዳው ካታሊስት ውስጥ ገብቶ እዛ ይቃጠላል፣ ካታሊስቱ ከልክ በላይ ግሎ ውስጡ ይቀልጣል። ካታሊስት ደግሞ ከሴንሰር በብዙ እጥፍ የሚወደድ እቃ ነው። እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሱ፣ ካልቆመ መኪናውን አቁሙ። እንዲህ አይነት ሰዓት ላይ ስለ ኦክስጅን ሴንሰር ማሰብም አያስፈልግም፣ ካንዴላና ኮይል ነው መጀመሪያ የሚታየው።

በምን ይነበብ?

ሁሉም የሚጀምረው ከመሪው ስር ካለችው 16 ፒን ሶኬት ነው። ኦቢዲ 2 የሚባለው ስርዓት አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ሆነ፣ አውሮፓ ውስጥ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ለናፍጣ ከ2004 ጀምሮ። መኪናችሁ ከዛ በፊት የተሰራ ከሆነ ሶኬቱ ቢኖርም እንኳን እነዚህ መሳሪያዎች ላያነቡት ይችላሉ። ሌላ ደግሞ መሳሪያውን ሰክታችሁ ጭራሽ ካልበራ ተበላሸ ብላችሁ አትመልሱት፣ በብዙ መኪና ላይ ያ ሶኬት ከሲጋራ መለኮሻው ጋር አንድ ፊውዝ ነው የሚጋራው፣ የስልክ ቻርጀር አቃጥሎት ይሆናል።

ከሁሉም በፊት የማልመክረውን ልናገር፣ ባትሪ ነቅሎ መብራቱን ማጥፋት። ነፃ ስለሆነ ሰው ይወደዋል። ችግሩ መብራቱ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፣ ኮዱ ይጠፋል፣ ፍሪዝ ፍሬም የሚባለው ማለትም መብራቱ በበራባት ቅጽበት ሞተሩ ስንት ዲግሪ እንደነበረ በስንት ዙር በስንት ፍጥነት ይሄድ እንደነበረ የተመዘገበው ሁሉ አብሮ ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩ ለሳምንታት የተማረው የነዳጅ ማስተካከያም ዜሮ ይሆናል። ማስረጃውን በገዛ እጃችሁ አጥፍታችሁ መብራቱ ሲመለስ ከባዶ ትጀምራላችሁ።

ትንሿ ኮድ አንባቢ፣ ገመድና ትንሽ ስክሪን ያላት፣ ርካሽ ናት ስልክም አትፈልግም። ኮዱን ትነግራችኋለች፣ ታጠፋዋለች፣ በቃ። የነዳጅ ታንክ ክዳን ላልቶ ይሁን ወይ ሚስፋየር ይሁን ለመለየት ትበቃለች። ግን ኮድ ማን እንደጮኸ እንጂ ማን እንደመታው አይናገርም፣ እና በዚች መሳሪያ ብቻ ኦክስጅን ሴንሰር ላይ የሚወሰን ውሳኔ ግምት ነው። እኔ ያን ሴንሰር የገዛሁት በሷ ነበር።

ብሉቱዝ ወይ ዋይፋይ አዳፕተር ከስልክ አፕ ጋር፣ ኢኤልኤም327 የሚባሉት፣ ለብዙ ሰው ትክክለኛው ምርጫ ይሄ ይመስለኛል ምክንያቱም በትንሽ ወጪ ላይቭ ዳታ ታያላችሁ፣ በግራፍ። ግን ሁለት ሶስት ጣጣ አለው። አንደኛ ገበያው በኮፒ የተሞላ ነው፣ ላዩ ላይ ቨርዥን 2.1 የሚል ተጽፎባቸው የሚሸጡት ርካሾቹ ብዙዎቹ የተወሰኑ ትዕዛዞችን አይረዱም ወይ እየቆራረጡ ያስቸግራሉ። ሁለተኛ አይፎን ከያዛችሁ የድሮውን ተራ ብሉቱዝ አዳፕተር አይቀበላችሁም፣ ዋይፋይ ወይም ብሉቱዝ 4 የሆነውን ነው የምትፈልጉት፣ አንድሮይድ ላይ ይሄ ጣጣ የለም። ሶስተኛና ብዙ ሰው የማያውቀው፣ አፑ ላይ አስራ አምስት ነገር በአንድ ጊዜ ከከፈታችሁ ዳታው ይዘገያል፣ ኦክስጅን ሴንሰር ደግሞ በሴኮንድ ውስጥ ወጥቶ የሚወርድ ነገር ነው፣ ዘገምተኛ ዳታ ደህናውን ሴንሰር ሰነፍ አስመስሎ ያሳያችኋል። ሴንሰር ስታዩ ሁለት መስመር ብቻ ክፈቱ፣ ሌላውን ዝጉ። ሲጨርሱ ነቅሎ ማስቀመጥም ጥሩ ነው፣ መኪናው ለቀናት ከቆመ ባትሪ ቀስ እያለ ይበላል።

ራሱን የቻለ ስካነር ከዛ ይፈጥናል፣ ይረጋል፣ ውድ የሆኑት ኤቢኤስና ኤርባግም ያነባሉ፣ አንዳንዶቹ ኢንጀክተር ወይ ፋን አዝዘው ያሰራሉ። ቤት ውስጥ ከአንድ በላይ መኪና ካለ ወይ የዘመድ አዝማዱን መኪና የምታዩት እናንተ ከሆናችሁ ያዋጣል። ለአንድ መኪና ለአንድ መብራት ግን ብዙ ነው።

ጋራዥ መውሰዱስ? ጋራዥ ያለውና እናንተ የሌላችሁ ነገር ኦሲሎስኮፕ፣ የጭስ ማሽንና ልምድ ነው። በተለይ ጭስ ማሽኑ፣ ወደ ማኒፎልዱ ጭስ ይነፋል የተቀደደው ቦታ በራሱ ያጨሳል፣ የኔን ቱቦ በአስር ደቂቃ ያገኘው እሱ ነው። ግን ጋራዥ ሁሉ አንድ አይደለም። ስካነር ሰክቶ ኮድ አንብቦ "ሴንሰር ነው" ያላችሁ ሰው የሰራው ስራ ትንሿ ኮድ አንባቢ ከምትሰራው አይበልጥም። ልዩነቱን ማወቂያው ቀላል ነው፣ "ትሪሙ ስንት ነው? ፍሪዝ ፍሬሙ ምን ይላል?" ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥር ከነገራችሁ እጁ ላይ ተዉት። ከተቆጣ ቁልፋችሁን ተቀበሉ።

ኮዱ የሚያመለክተው ሴንሰሩን ነው ወይስ ሞተሩን?

ባንክና ሴንሰር የሚሉት ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ባንክ 1 ማለት ቁጥር 1 ሲሊንደር ያለበት የሞተሩ ጎን ነው፣ አራት ሲሊንደር በመስመር የሆነ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ባንክ 1 ብቻ ነው ያለው። ሴንሰር 1 ከካታሊስቱ በፊት ያለው፣ ሴንሰር 2 ከካታሊስቱ በኋላ ያለው። ስራቸው ይለያያል፣ የፊተኛው ነዳጅ ያዛል፣ የኋለኛው በዋናነት ካታሊስቱን ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ መኪናው ቤንዚን መብላት ጀመረ ብላችሁ ሴንሰር 2 ብትቀይሩ ብዙ ለውጥ አትጠብቁ።

የሂተር ኮዶች፣ ፒ0135፣ ፒ0141፣ ፒ0155፣ ፒ0161፣ እነዚህ በእውነት ወደ ሴንሰሩ የሚያመለክቱ ናቸው። ሴንሰሩ ውስጥ ቶሎ እንዲሞቅ የሚያደርግ ትንሽ ማሞቂያ አለች፣ እሷ ተበጥሳለች ወይ ፊውዙ ሄዷል ወይ ሽቦው ጭስ ማውጫው ላይ ተኝቶ ቀልጧል። ፊውዙን ግን መጀመሪያ እዩ እባካችሁ፣ ሁለት ሶስት የሂተር ኮድ በአንዴ ከወጣ ሁሉም ሴንሰር ባንድ ቀን ሊሞት አይችልም።

ፒ0133 ሴንሰሩ ዘገየ የሚል ነው፣ ያረጀ ሴንሰር ላይ የተለመደ። ፒ0134 ምንም እንቅስቃሴ የለም። ፒ0131 እና ፒ0132 ቮልቱ ዝቅ ወይ ከፍ ብሎ ቀረ ይላሉ፣ እዚህ ላይ ሴንሰሩም ሊሆን ይችላል፣ ሽቦውም፣ ሞተሩ በእውነት አየር ወይ ቤንዚን በዝቶበትም ሊሆን ይችላል፣ ሃምሳ ሃምሳ ያዙት።

ፒ0171 እና ፒ0174፣ ወይም ተቃራኒዎቹ ፒ0172 እና ፒ0175 ሲሆኑ ግን ሴንሰሩን በመጨረሻ ጠርጥሩት። መልእክተኛ ነው። ፒ0420 እና ፒ0430 ደግሞ ካታሊስቱ ደከመ የሚሉ ናቸው፣ ሴንሰር 2 ቀይሮ ፒ0420 የሚያጠፋ ሰው ብዙ አይገጥማችሁም፣ ግን ካታሊስት ከመግዛታችሁ በፊት ጭስ ማውጫው ላይ ቀዳዳ አለመኖሩን አረጋግጡ። ፒ0300 እና ከሱ በኋላ ያሉት የሚስፋየር ኮዶች ከሌላ ኮድ ጋር አብረው ከመጡ ቅድሚያ ለነሱ ስጡ፣ ምክንያቱም ያልተቃጠለ ሲሊንደር ኦክስጅኑን እንዳለ ነው የሚተፋው፣ ሴንሰሩ ያን ኦክስጅን አይቶ አየር በዝቷል ይላል፣ ኮምፒውተሩ አምኖ ቤንዚን ይጨምራል፣ አንዱ ስህተት ሌላውን ይወልዳል።

ቁጥሮቹን ማየት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ገንዘብ የሚያድነው እዚህ ያለው ነገር ነው።

የተለመደው ኦክስጅን ሴንሰር ውስጡ ዚርኮኒያ የሚባል ሴራሚክ ነው። ቦሽ በ1976 ቮልቮ መኪኖች ላይ ካስጀመረው ወዲህ ሀሳቡ ብዙም አልተቀየረም፣ ከውጭ ያለውን አየርና ጭስ ማውጫ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን አወዳድሮ ቮልት ያመነጫል። ቤንዚን ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት ይወጣል፣ አየር ሲበዛ ወደ 0.1 ይወርዳል፣ መሃሉ 0.45 አካባቢ ነው፣ ያ መሃል ማለት ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር የሚገባበት ልክ ነው። ከ300 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በደንብ አይሰራም፣ ስለዚህ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ቁጥር አይታችሁ አትፍረዱ።

ሞተሩን በደንብ አሙቁት፣ ከዛ 2500 ዙር ላይ ለሁለት ደቂቃ ያህል ያዙት። ሴንሰር 1 ግራፉ ላይ ከ0.2 በታች እስከ 0.8 በላይ ቶሎ ቶሎ እየወጣ እየወረደ መታየት አለበት፣ እንደ መጋዝ ጥርስ። ሴንሰር 2 ደግሞ 0.6 ወይ 0.7 አካባቢ ረግቶ ቢቆም ጤና ነው። ሴንሰር 2 እንደ ሴንሰር 1 የሚዘል ከሆነ ካታሊስቱ ስራውን ትቷል፣ ሴንሰሩ ደህና ነው ማለት ነው፣ ሰው ግራ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፣ ዝም ያለው የኋላ ሴንሰር ደህና፣ ዝም ያለው የፊት ሴንሰር በሽተኛ።

ሴንሰር 1 ዝም ብሎ 0.1 ላይ ተኝቷል እንበል። ሞቷል? ወይስ በእውነት አየር በዝቷል? መለያ አለው። ነዳጁን ቶሎ ርግጥ አድርጋችሁ ልቀቁት። ስትረግጡት ለቅጽበት ቤንዚን ይበዛል ሴንሰሩ ወደ 0.8 እና 0.9 መዝለል አለበት፣ ስትለቁት ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይቆርጣል ወደ ዜሮ መውደቅ አለበት። ዘሎ ከወደቀ ሴንሰሩ በህይወት አለ፣ ሌላ ነገር ፈልጉ። ምንም ብታደርጉት ካልተንቀሳቀሰ ወይ ደግሞ እያዛጋ ከተነሳ እሱ ነው፣ ሽቦው ደህና መሆኑን አይታችሁ ቀይሩት። በብዙ መኪና 0.45 ላይ ቀጥ ብሎ የሚቀር መስመር ሴንሰሩ ምንም እየላከ እንዳልሆነ ነው የሚናገረው፣ ያ ቁጥር የኮምፒውተሩ የራሱ ነው።

ቀጥሎ ፊውል ትሪም። ሁለት ናቸው፣ አጭሩና ረጅሙ፣ ኮምፒውተሩ ከልኩ ላይ ስንት ፐርሰንት ቤንዚን እየጨመረ ወይ እየቀነሰ እንደሆነ ይናገራሉ። ሁለቱን ደምሯቸው። ከፕላስ 10 በላይ ወይም ከኔጋቲቭ 10 በታች ካልሄደ በጥቅሉ ደህና ነው። ከዛ ካለፈ አንድ ጊዜ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) አንድ ጊዜ በ2500 ዙር አንብቡት። የኔ መኪና በሚኒሞ ፕላስ 21 ነበር፣ 2500 ላይ ሲደርስ ፕላስ 5። ያ ቅርጽ የቫኪዩም ሊክ ነው፣ ምክንያቱም በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ በስንጥቁ የምትገባው አየር ትልቅ ድርሻ ትይዛለች፣ ዙር ሲጨምር ግን ውሃ ውስጥ እንደወደቀች ጠብታ ትሆናለች። ይሄን ያኔ ባውቅ ኖሮ ሴንሰሩን አልገዛም ነበር፣ ቁጥሩ ፊት ለፊቴ ነበር መሳሪያዬ ግን አያሳየኝም።

የተገላቢጦሽ ከሆነ፣ በሚኒሞ ደህና ሆኖ ዙርና ጭነት ሲጨምር ትሪሙ እየወጣ የሚሄድ ከሆነ፣ የነዳጅ ፓምፕ ደክሟል ወይ ፊልትሮ ተደፍኗል ወይ የአየር መጠን የሚለካው ማፍ ሴንሰር ቆሽሿል። ማፍ ሴንሰር ለሱ ተብሎ በተሰራ ስፕሬይ ይጸዳል፣ ከሴንሰር ግዢ በፊት ይሄ ይሞከር። ኔጋቲቭ ከሄደ ደግሞ የሚያፈስ ኢንጀክተር ወይ ከልክ ያለፈ የነዳጅ ግፊት አለ። ትሪሙ ልክ ሆኖ የሴንሰር ኮድ ብቻውን የሚመላለስ ከሆነ፣ አሁን ሴንሰሩን መጠርጠር ይቻላል።

ከሴንሰሩ በፊት ያለ የጭስ ማውጫ ቀዳዳም አለ፣ ጭሱ በምት በምት ስለሚወጣ በመሃል ከውጭ አየር ይስባል፣ ሴንሰሩ ያን አየር አይቶ ይሳሳታል። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ስታስነሱ ቲክ ቲክ የሚል ድምጽ ስሙ፣ ጋስኬቱ ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ፈልጉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከላይ ያልኩት የ0.1 እስከ 0.9 ነገር ለተለመደው ሴንሰር ነው። ብዙ አዳዲስ መኪኖች፣ ቶዮታና ሆንዳም ከድሮ ጀምሮ ብዙ ሞዴሎቻቸው ላይ፣ ከፊት ያለው ኤር ፊውል ሬሾ ሴንሰር ወይም ዋይድባንድ ነው። እሱ አይዘልም። የቶዮታው ልኩ 3.3 ቮልት አካባቢ ነው፣ አንዳንድ አፕ ላይ 0.66 ሆኖ ይታያል፣ ቮልቱ ሲጨምር ደግሞ አየር በዛ ማለት ነው፣ ከተለመደው ተገልብጦ። ደህና ዋይድባንድ ዝም ብሎ ተረጋግቶ አይተው "ሞቷል" ብለው የቀየሩ ሰዎች አሉ። ስለዚህ መኪናችሁ የትኛውን እንደያዘ ሳታውቁ ግራፉን አትፍረዱበት፣ እቃውም አይተካካም፣ ሶኬቱ ቢመሳሰል እንኳን።

ለሂተሩ ስካነር አያስፈልግም፣ ተራ መልቲሜትር ይበቃል። ሶኬቱን ነቅላችሁ በሴንሰሩ በኩል አንድ አይነት ቀለም ያላቸውን ሁለት ሽቦዎች ለኩ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነጭ ወይ ሁለት ጥቁር ናቸው። ጥቂት ኦም ካነበበ አለ፣ ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። ከዛ ቁልፍ ከፍታችሁ ወይ ሞተር አስነስታችሁ በመኪናው በኩል 12 ቮልት መድረሱን እዩ።

ሴንሰሩ መሆኑ ተረጋገጠ፣ የቱን?

የመኪናው አምራች ካርቶን ያለበት ኦሪጅናል አያሳስብም፣ ዋጋው ያሳስባል። ግን መኪና አምራቹ ሴንሰር ራሱ አይሰራም ከሌላ ነው የሚገዛው፣ ዴንሶ፣ ኤንቲኬ፣ ቦሽ ከሚባሉት። ኤንቲኬ የኤንጂኬ የሴንሰር ስም ነው፣ ካንዴላ የሚሰራው ኤንጂኬ። የድሮውን ሴንሰር ፈትታችሁ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ስምና ቁጥር አንብቡ፣ ያንኑ በአምራቹ ካርቶን ብትገዙ ብዙ ጊዜ ያው እቃ ነው በቀነሰ ዋጋ። እኔ የምመርጠው ይሄን ነው። አስመስሎ የተሰራ ግን አለ፣ ከሌላው ሻጭ በግማሽ ዋጋ ዴንሶ የሚሰጣችሁ ሰው ካለ ጠርጥሩ፣ የተቀረጸው ጽሁፍ በቀለም ብቻ የታተመ ከሆነ ወይ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ተዉት።

ዩኒቨርሳል የሚባለው ሶኬት የለውም፣ የድሮውን ሽቦ ቆርጣችሁ ከአዲሱ ጋር ታያይዛላችሁ። ይረክሳል። ግን የሽቦ ቀለም ከአምራች አምራች ይለያያል፣ በቦሽ አይነቱ ጥቁሩ ሲግናል ነው፣ በዴንሶው ሁለቱ ጥቁሮች ሂተር ናቸው ሰማያዊው ሲግናል፣ አንዴ ከተምታታ ሂተር ቮልት ሲግናል ላይ ላካችሁ ማለት ነው። ደግሞ ሽቦውን በቆርቆሮ መበየድ አይቻልም፣ ብዙዎቹ ሴንሰሮች ለማወዳደሪያ የሚያስፈልጋቸውን ንጹህ አየር በሽቦው ክሮች መሃል ነው የሚስቡት፣ ብየዳው ያን መንገድ ይደፍነዋል፣ በመቆንጠጫ ነው የሚያያዘው። ይሄን በደንብ የሚሰራ እጅ ካላችሁ ለሴንሰር 2 ሊሆን ይችላል፣ ለፊተኛው አልመክርም፣ ዋይድባንድ ከሆነ ጭራሽ አይታሰብ።

ያገለገለ ሴንሰር? አይሆንም። የሚያልቅ እቃ ነው፣ ሂተር ያለው ሴንሰር እድሜው ወደ 160 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ይገመታል፣ ከተበተነ መኪና የወጣው ስንቱን እንደበላ በምን ታውቃላችሁ።

አጥቦ መመለስም አለ፣ በቤንዚን ዘፍዝፎ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትጎ። ጥላሸት ብቻ ከሆነ ትኩስ ጭስ ራሱ ያቃጥለው ነበር፣ የሚገድለው ግን ሲልከን ማጣበቂያ፣ ራዲያተር ውሃ ውስጥ ያለ ኬሚካል ወይ የሚቃጠል የሞተር ዘይት ነው፣ እሱ ደግሞ በመታጠብ አይለቅም። ሞተራችሁ ዘይት የሚበላ ከሆነ አዲሱም ሴንሰር እድሜው ያጥራል፣ እወቁት።

ከኋለኛው ሴንሰር ስር ማራቂያ ገጥሞ ፒ0420ን ዝም የሚያሰኙም አሉ። መብራቱ ሊጠፋ ይችላል፣ ካታሊስቱ ግን እንደሞተ ነው፣ ከተደፈነ ደግሞ መኪናው ጉልበት እያጣ ሲሄድ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

አንዱ ሲሞት ሁሉንም መቀየር አለብኝ ወይ ለሚል፣ የለብዎትም። ቪ6 ላይ ግን ሁለቱ የፊት ሴንሰሮች እኩል እድሜ ካላቸውና አንዱ በእርጅና ከዘገየ ሌላውም ሩቅ አይሆንም፣ ለአንዱ ተብሎ ግማሽ ሞተር ከተፈታ አብሮ ቢቀየር አልቃወምም።

ሲፈታ ሲገጠም

ሞተሩ ሞቅ ሲል ይፈታል፣ ሲቀዘቅዝ ጥርሱ ይነክሳል፣ ማታ የዝገት ስፕሬይ ረጭቶ ማሳደር ይረዳል። መፍቻው አብዛኛውን ጊዜ 22 ነው፣ ሽቦው የሚያልፍበት ጎኑ የተሰነጠቀ ሶኬት ካገኛችሁ ስራው ይቀላል። አዲሱ ጥርሱ ላይ ቅባት ተቀብቶ ከመጣ ሌላ አትጨምሩ፣ ካልተቀባ ጥርሱ ላይ ብቻ በስሱ፣ ጫፉን በጣት እንኳን አትንኩት። ሽቦው ከጭስ ማውጫው ርቆ በድሮው ክሊፕ ይያዝ።

ከዛ ኮዱን አጥፉት ወይ ተዉት፣ ችግሩ በእውነት ከተስተካከለ መብራቱ ሶስት ተከታታይ ደህና ጉዞ በኋላ በራሱ ይጠፋል። ኮድ ካጠፋችሁ ግን ሬዲነስ የሚባሉት ምርመራዎች ሁሉ ከዜሮ ይጀምራሉ፣ ለቴክኒክ ምርመራ የምትሄዱ ከሆነ በዛው ቀን አጥፍታችሁ አትሂዱ፣ ብዙ ቦታ ሬዲነሱ ካልሞላ አይቀበሏችሁም፣ ለጥቂት ቀናት ከተማ ውስጥም ረጅም መንገድም ንዱት።

እኔ አሁን ቱቦዋን ከቀየርኩ በኋላ ለአንድ ሳምንት አዳፕተሩን ይዤ ጠዋት ጠዋት ረጅሙን ትሪም ብቻ አየው ነበር። 21 የነበረው 14 ሆነ፣ 9 ሆነ፣ ከዛ 2 ላይ ተቀመጠ። የድሮው ሴንሰር እስካሁን መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ደህና ነው፣ አንድ ቀን አዲሱ ሲሞት እመልሰዋለሁ።